የግንቡ እግር፦ የደቻቱን ዳር ለማዳን የሠራነው ሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 9

ዛሬ ማለዳ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሆኜ በድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ መታጠፊያ ላይ ያለውን የሰፈራችንን ዳር በሜትር ለካሁ። ባለፈው ሰኔ ከኋላ አጥራችን እስከ ገደሉ ጫፍ 7 ሜትር ከ20 እንደነበረ በደብተሬ ይዤ ነበር፤ ዛሬ የቀረው 4 ሜትር ከ60 ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ማድ ቤት አንደኛው ማዕዘን በነሐሴ ከአፈሩ ጋር አብሮ ወርዶ፣ ጉልቻቸውን ልጆች ከወንዙ ውስጥ ለቅመው አምጥተውላቸዋል። ምጣዱ ግን ሳይሰበር መገኘቱን እትዬ እስከ ዛሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይናገራሉ።

ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ግራ ሊያጋባው ይችላል፤ ምክንያቱም ወንዙ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሌለበት የአሸዋ ሜዳ ነው። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የሚያቋርጥ ሰው በአሸዋው ላይ ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አህዮች ያርፉበታል። ውኃው የሚመጣው ከደቡብ፣ ከደንገጎ ወገን ካሉት ተራሮች ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ተራሮቹ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆኑ፣ እዚያ የጣለው ዝናብ በአጭር ርቀት ይህን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ፣ ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይደርሳል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የመጣው ደራሽ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው በእንቅልፉ ሳለ ወስዷል። ያን ሌሊት ያየ ሰው ስለ ወንዙ ዳር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

የእኛ ሥራ እንዲህ ያለውን ጎርፍ ለማስቆም አይደለም፤ አቅሙም የለንም። የተነሣነው በየክረምቱ የሚመጣው መካከለኛ ደራሽ ከዳሩ እየቆረሰ የሚወስደውን አፈር ለማስቀረት ነው። የተበላው ዳር ርዝመቱ 36 ሜትር፣ ቁመቱ ከአሸዋው ወለል 2 ሜትር ከ60 ነው።

ታኅሣሥ 21

የእድሩ ሸንጎ ተቀመጠ። ክርክሩ ቀደም ሲል ሠርተነው በሁለተኛው ክረምት በወደቀው የድንጋይና የሲሚንቶ ግንብ ዙሪያ ነበር። ብዙዎች «ሲሚንቶው አነሰ» ይላሉ። እኔ በምድር ባቡር የመስመር ጥገና ክፍል ፎርማን ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው መስመር ላይ ጎርፍ የበላውን ድልድይና ቦይ ስንጠግን ብዙ ክረምት አሳልፌያለሁ፤ ስለዚህ ሰዎቹን ወደ ወደቀው ግንብ ይዣቸው ወረድኩ። ግንቡ እስከ ዛሬ በአሸዋው ላይ እንደተደፋ አለ። አልፈረሰም፣ ድንጋዩም ከድንጋዩ አልተላቀቀም፤ እንደ ሰከረ ሰው በግንባሩ ነው የተደፋ። ከላይ ተመትቶ የወደቀ ግንብ ወደ ኋላ ወይም ተሰነጣጥቆ ይወድቃል፤ ወደ ወንዙ በግንባሩ የተደፋ ግንብ ግን እግሩ ሥር ያለው አሸዋ የተወሰደበት ነው። መሠረቱን ስንለካው ከአሸዋው በታች 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

ሦስት አሳብ ቀረበ። አንደኛው ያንኑ ግንብ በበለጠ ሲሚንቶ መድገም ነው። ሁለተኛው ከዳሩ ወደ ወንዙ የሚወጡ አጫጭር የድንጋይ ክንዶች ሠርተን ውኃውን ወደ መሐል መግፋት ነው። ይህ ለእኛ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን የተገፋው ውኃ የሚያርፈው ማዶ ባሉት የቆርቆሮ ቤቶች ላይ ስለሆነ እትዬ «የእኔን ማድ ቤት አድናችሁ የሌላ ሴት ማድ ቤት ልታፈርሱ ነው?» ብለው ነገሩን ቆረጡት። የቀረው ጋቢዮን ነው፤ ከሽቦ የተሠራ ሳጥን በድንጋይ ሞልቶ መደርደር። ጋቢዮን እንደ ሲሚንቶ ግንብ ደረቅ አይደለም፤ ሥሩ ሲጎድል ጎንበስ ብሎ ጉድለቱን ይከተላል፣ ከኋላው የተጠራቀመውን ውኃም በድንጋዩ መሐል ያሳልፋል። ንድፉን አንድ የውኃ መሐንዲስ ተመልክቶ አርሞልን፣ ከቀበሌም ፈቃድ ወስደናል።

ጥር 14

መሐንዲሱ የጠየቀኝን ጥያቄ ለመመለስ ዛሬ ሁለት ሰንሰለት ቀበርን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ጎርፍ ሲመጣ አሸዋው ምን ያህል ወደ ታች ይቆፈራል? ችግሩ ወንዙ ቆፍሮ ሲያበቃ መልሶ የሚሞላ መሆኑ ነው። ውኃው በኃይል ሲወርድ ወለሉን አንሥቶ ይዞ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ሲደክም ደግሞ የያዘውን አሸዋ እዚያው ይጥላል። በማግስቱ የሚመጣ ሰው የሚያየው ልክ እንደ ትናንቱ የተዘረጋ አሸዋ ነው፤ ሌሊቱን የግንቡ እግር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳደረ የሚነግረው ምልክት የለም። የፊተኛውን ግንብ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ እንድንመሠርተው ያሳሳተንም ይኸው ነው።

ሰንሰለቶቹን ከቁራሌው ገዛናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ባለ 3 ኢንች የብረት ቱቦ ታችኛውን አፉን በሾለ የእንጨት ውታፍ ደፍነን፣ ሰንሰለቱን ከውታፉ ጋር አስረን በቱቦው ውስጥ አሳለፍን። ቱቦውን በትልቅ መዶሻ እየመታን 2 ሜትር ወደ አሸዋው አስገባነው፤ ከዚያ እየነቀነቅን ስናወጣው ውታፉ ከታች ቀርቶ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ተቀበረ። ጎርፍ መጥቶ አሸዋውን ሲያነሣ፣ የተገለጠው የሰንሰለቱ ክፍል በተቆፈረው ወለል ላይ ይጋደማል፤ ከታች ያለው እንደቆመ ይቀራል። አሸዋው ተመልሶ ከሞላ በኋላ ቆፍረን ሰንሰለቱ የታጠፈበትን ክርን ስናገኝ፣ ያ ክርን ወንዙ የደረሰበት ጥልቀት ነው። አንዱን ከገደሉ ሥር፣ ሌላውን ከወንዙ መሐል አድርገን፣ ኋላ እንዳይጠፉብን እያንዳንዳቸው በዳሩ ላይ ካሉ ሁለት ችካሎች ያላቸውን ርቀት ለክቼ ጻፍኩ።

የካቲት 6

ስለ አሸዋው ሳይነሣ ይህን ሥራ መሥራት አይቻልም። በመታጠፊያው ፊት ለፊት በየቀኑ ወጣቶች አሸዋ እየዛቁ በጋሪና በአይሱዙ ይጭናሉ። ከተማው ይገነባል፤ አሸዋ የማይፈልግ ግንባታ የለም፤ ልጆቹም እንጀራቸው ነው። ነገር ግን ወለሉ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር የእኛ ገደል በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ የግንቡም እግር በዚያው ልክ ይራቆታል። የባሕር ዳርቻቸው የተበላባቸው አገሮች በትልልቅ መርከቦች ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየመጠጡ ዳርቻው ላይ መልሰው ያፈሳሉ፤ ግድግዳ ብቻውን ያቆሙት ደግሞ ማዕበሉ ከግድግዳው እየነጠረ ከፊቱ ያለውን አሸዋ ሲያጥብባቸው ኖሯል። እኛ ባሕር የለንም፤ ዳርን የሚያቆመው ከፊቱ ያለው አሸዋ መሆኑ ግን እዚህም ያው ነው።

ከልጆቹ ጋር ዛሬ ማምሻውን ተነጋገርን። መጀመሪያ ልናባርራቸው የመጣን መስሏቸው ነበር። አንደኛው «አባባ፣ ጎርፍ ሲመጣ ይሞላው የለ፣ ምን ጎደለ?» አለኝ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከላይ የሚመጣው አሸዋ እኛ ከምናወጣው ሲያንስ ጉድጓዱ እንደማይሞላ፣ ጎርፉም ጉድለቱን ከዳሩ ቆርሶ እንደሚሞላው የወደቀውን ግንብ እያሳየሁ አስረዳሁት። በመጨረሻ ከግንቡ ወደ ላይም ወደ ታችም 100 ሜትር ድረስ ላይነኩ ተስማሙ፤ እኛም በምትኩ ለቁፋሮውና ለድንጋይ ሙሌቱ የቀን ሠራተኛ የምንቀጥረው ከእነርሱ ነው። በቃላቸው ይጸናሉ ብዬ አምናለሁ፤ የአይሱዙዎቹን ባለቤቶች ግን አላምንም።

መጋቢት 3

ሽቦው መጣና መልሰን ላክነው። ያዘዝነው ቀዳዳው 8 በ10 ሳንቲ ሜትር፣ የሽቦው ውፍረት 2.7 ሚሊ ሜትር የሆነ በዚንክ የተነከረ ጋቢዮን ነበር። ሲያዩት ያው ነው። በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ስለካው ግን 2.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ሳጥኑ የሚታሰርበት ሽቦ ውፍረት እንጂ የሳጥኑ አካል ውፍረት አይደለም። ነጋዴው «ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ለውጥ አለው?» አለ። ድንጋይ የያዘ ጎርፍ ሌሊቱን ሙሉ የሚፍቀው ሽቦ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የዓመታት ዕድሜ ነው። ሁለት ሳምንት ጠፋብን።

ድንጋዩ ግን ጥሩ ነው። ሾፌሩ ከካባው ሲጭን አብሬው ሄጄ ሁለት ድንጋይ እያጋጨሁ ድምፁን አዳመጥኩ፤ ጠንካራው እንደ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ነጭ ድንጋይ ግን ድምፁ ይታፈናል። ለሳጥኖቹ ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ብቻ ወሰድን፤ ከዚያ ያነሰው በሽቦው ቀዳዳ ይወጣል። በጠቅላላው 140 ሜትር ኩብ ያስፈልገናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭነው ሲኖ 9 ጉዞ መሆኑ ነው።

መጋቢት 27

የበልጉ ደራሽ ትናንት ሌሊት መጣ። ትልቅ አልነበረም፤ በገደሉ ላይ የተወው የጭቃ ምልክት ከወለሉ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ዛሬ በእርጥቡ አሸዋ ላይ ከሁለቱ ችካሎች ሜትር ዘርግተን ነጥቡን ካገኘን በኋላ መቆፈር ጀመርን። ልጆቹ ነገሩን እንደ ውርርድ ይዘውት ነበር፤ አብዛኛው ሰው የገመተው ከአንድ ስንዝር እስከ ክንድ ነው። አካፋው ከገደሉ ሥር የቀበርነውን ሰንሰለት ሲነካ አንዱን በእጁ እንዲጠርግ አደረግነው። ሰንሰለቱ ከቁልቁል መጥቶ በድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል፣ የተጋደመው ጫፉም ወንዙ በሄደበት በኩል ወደ ሰሜን ተዘርግቷል። ጥልቀቱን ስንለካ 95 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በመሐል የተቀበረው 40 ብቻ ነው፤ ውኃ በመታጠፊያ ላይ ኃይሉን ወደ ውጪኛው ጎን ስለሚያሳርፍ ልዩነቱ የሚጠበቅ ነው። ለአፍታ ማንም አልተናገረም። አስፋልት የመሰለ ጠፍጣፋ አሸዋ ላይ ቆመን ሌሊቱን እዚያው አንድ ሜትር የሚጠጋ ጉድጓድ እንደነበረ ማየት ሌላ ነገር ነው።

በልግ 95 ከቆፈረ፣ ለክረምቱ 2 ሜትር አሰብን። 2 ሜትር በእጅ ቆፍሮ መሠረት መጣል በአሸዋ ላይ አደገኛም ውድም ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ምንጣፍ መረጠ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ምንጣፍ ከግንቡ እግር ጀምሮ ወደ ወንዙ ይዘረጋል። ጎርፍ ከምንጣፉ ፊት ሲቆፍር ጠርዙ ወደ ጉድጓዱ ታጥፎ ይወርድና ቁልቁለቱን ይሸፍነዋል፤ ከኋላ ያለው ግንብ አይነካም። ርዝመቱ ከሚጠበቀው ጥልቀት 1.5 እስከ 2 እጥፍ መሆን ስላለበት 3 ሜትር አደረግነው።

ሚያዝያ 8 እስከ 26

ሥራ የምንጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን 4 ሰዓት ተኩል ላይ እናቆማለን፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ እጅ ያቃጥላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በድሬዳዋ ማን ይሠራል! ከወለሉ በታች 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍረን፣ በስፓጎ ክርና በውኃ ልክ አስተካክለን፣ ከታች ጠጠር አነጠፍን። የታችኛው ረድፍ 36 ሳጥን ነው፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ሆኖ ረጅሙ ጎን ወደ ዳሩ ይገባል። የላይኛው ረድፍ በርዝመቱ የተኛ 18 ሳጥን ሲሆን ከታችኛው ፊት 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገባ ይላል። ምንጣፎቹ 18 ናቸው፤ በላያቸው ላይ የቆፈርነውን አሸዋ መልሰን አለበስናቸው።

ግንቦት 10

የላይኛው ረድፍ ሦስት ሳጥኖች ሆዳቸው ተነፋ። እኔ ለለቅሶ ሁለት ቀን በቀረሁበት ጊዜ ልጆቹ ሥራ ለማፋጠን ድንጋዩን በባሬላ እያመጡ ከላይ አፍስሰውታል። ጋቢዮን እንደ ጆንያ አይሞላም። አንድ ሦስተኛው ሲሞላ ፊቱን ከጀርባው ጋር በሽቦ መወጠር፣ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ እንደገና መወጠር፣ ከፊት በኩል ያለው ድንጋይ ደግሞ ሰፊ ገጹ ወደ ውጪ ሆኖ በእጅ መደርደር አለበት። ተቆጣን፣ ሦስቱንም ፈታን። አንዱ ልጅ በፒንሳ ሽቦውን ሲፈታ የወደቀው ድንጋይ ጣቱን መታው፤ ጥፍሩ ጠቆረ እንጂ አልተሰበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መወጠሪያውን ሳላይ ክዳን እንዳይዘጋ አድርጌያለሁ።

ግንቦት 28

የግንቡን ጀርባ ሞላን። ከሽቦው ጀርባ ውኃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር የጂኦቴክስታይል ጨርቅ ዘርግተናል፤ ያለ እርሱ የዳሩ አፈር በድንጋዮቹ መሐል እየታጠበ ይወጣና ግንቡ ቆሞ ከኋላው ዋሻ ይሆናል። ገንዘብ ለመቆጠብ በጨርቁ ምትክ የማዳበሪያ ከረጢት እንጠቀም የሚል ነበር። ማዳበሪያ ፀሐይ ሲነካው እንደ ወረቀት እንደሚበጣጠስ አጥራቸውን በእርሱ የጋረዱ ሁሉ ያውቃሉ፤ ክርክሩ ብዙ አልቆየም።

የላይኛውን ጫፍ 3 ሜትር ወደ ዳሩ ውስጥ አስገብተን አሰርነው፤ ውኃ በዚያ በኩል ከግንቡ ጀርባ ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። በታችኛው ጫፍ ድንጋይ ስላነሰን 1 ሜትር ብቻ አስገባን። ሰኔ ሳይገባ ሁለቱን ሰንሰለት አውጥተን ከምንጣፉ ጠርዝ 1 ሜትር አልፈን መልሰን ቀበርን።

ሐምሌ 7

ከግንቡ በላይ የቀረውን 1 ሜትር ገደማ ዳር አጋድመን ቬቲቨር ሣር ተከልን፤ በችግኞቹ መሐል 15 ሳንቲ ሜትር። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ከ2 ሜትር በላይ ስለሚሄድ አፈሩን እንደ ምስማር ይይዘዋል። ያደገውን ፍየል ብዙም አትወደውም፤ ለጋውን ግን በሦስተኛው ቀን ግማሽ ረድፍ በላችው። የግራር እሾህ አጠርን። እትዬ ማለዳ ማለዳ በጀሪካን ያጠጡታል።

ነሐሴ 12

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መጣ። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ እንደ ሩቅ ባቡር ይንጎራጎራል፤ ሠላሳ ዓመት ባቡር የሰማ ጆሮዬ እንኳ ለአፍታ ተሳስቷል። ቤተሰቦቹን ወደ ላይኛው መንገድ አወጣን። በባትሪ መብራት ያየሁት ቡናማ ውኃው የግንቡን ፊት እየላሰ ሲያልፍ ብቻ ነው። 11 ሰዓት ላይ ጎደለ።

ነሐሴ 16

አሸዋው ለመቆፈር ደረቅ ሲል ወረድን። የውኃው ምልክት 1 ሜትር ከ30 ነው፤ ግንቡ በአንድም ቦታ አልተንቀሳቀሰም። ከላይ ሲታይ ወለሉ እንደ ወትሮው ጠፍጣፋ ሲሆን ከምንጣፉ ምንም አይታይም። ሰንሰለቱን ቆፈርን፤ ክርኑ የተገኘው 1 ሜትር ከ55 ላይ ነው። ከዚያ የምንጣፉን ጠርዝ ተከትለን አንድ ቦይ ከፈትን፦ ጠርዙ 90 ሳንቲ ሜትር ወርዶ፣ ሽቦው ሳይበጠስ፣ ድንጋዩን እንደያዘ በጉድጓዱ ቁልቁለት ላይ ተኝቷል። ከግንቡ እግር አጠገብ ያለው ግማሽ ካስቀመጥንበት ንቅንቅ አላለም። ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አጠገቡ ሁለተኛ ግንብ ተደፍቶ እናይ ነበር።

ጥፋቱ በታችኛው ጫፍ ነው፣ የእኔም ነው። 1 ሜትር ብቻ ባስገባንበት በኩል ውኃው ግንቡን ካለፈ በኋላ ተመልሶ እየተሽከረከረ ዳሩን 1 ሜትር ተኩል በልቶታል፤ የመጨረሻው ሳጥን ጀርባው ተራቁቷል። ድንጋይ አነሰ ብዬ የቆረጥኩት እዚያ ነበር። ለጊዜው አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ደርድረን ዘግተነዋል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምት 4 ሳጥን እንጨምራለን፤ 8 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ ማለትም ግማሽ ሲኖ፣ ከሦስት ልጆች ጋር የአራት ማለዳ ሥራ። እትዬ ማድ ቤታቸውን በዚያው በቀድሞው ቦታ መልሰው ሊሠሩ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ታችኛው ጫፍ እስኪታሰር ታገሡኝ ብያቸዋለሁ።